አሠልጣኝ በንጉሡ ሠ

ውድ ቋሚ፣

ስለ ጤናህ በመጠየቅ ልጀምር አልኩና ቀዩ እስክሪብቶህ ትዝ አለኝ። «የሰላምታው አንቀጽ ረዝሟል፣ ይቆረጥ» ብለህ ጠርዙ ላይ እንደምትጽፍ ስለማውቅ ራሴው ቆርጬዋለሁ። ደህና መሆንህንም ሰምቻለሁ። ጠዋት ወደ ማተሚያ ቤት ስትሄድ በእኔ ሱቅ በር ማለፍ ትተህ በዳቦ ቤቱ በኩል እንደምትዞር ወዳጃችን ሹፌሩ ነግሮኛል። በዚያ በኩል መንገዱ ሰባት ደቂቃ ይረዝማል። ለቂም ብሎ በየቀኑ ሰባት ደቂቃ የሚራመድ ሰው ጤነኛ ነው።

አራት መንገድ ተሻግሮ ለሚኖር ሰው ደብዳቤ መጻፌ ባለቤቴን አስቋታል። «ሄደህ በሩን አንኳኳ፣ ሰውየው አንበሳ አይደለም» አለችኝ። አንበሳ ቢሆንስ በተሻለ፤ አንበሳ ያገሳል። አንተ ግን ዝም ብለህ ታያለህ፤ ያንን አስተያየት አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ፣ ለሁለተኛው አቅም የለኝም። ስልክም ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ነበር። በአራተኛው ልደውል ስል ነገሩ ገባኝ፤ አንተ በጆሮህ የሰማኸውን አታምንም። «አፍ የተናገረውን ማን ያርመዋል?» ትል ነበር። እንግዲህ ይኸው በጽሑፍ መጣሁልህ፤ እስክሪብቶህን አዘጋጅ።

ቶሎ ወደ ጥፋቴ ልግባ፤ መግቢያ ማስረዘምም አንዱ የመሸሻ መንገድ ነው።

ያ ሰኞ ትዝ ይልሃል። በዋዜማው በገዛ ሜዳችን አራት ለዜሮ ተሸንፈናል፤ ከሰንጠረዡ ግርጌ ሁለተኛ ነን፤ ዘጠኝ ጨዋታ ቀርቷል። አንተ ሥራ ላይ ነበርክ። እኛ የእኔ ሱቅ ጓሮ ክፍል ውስጥ በቀለም ቆርቆሮዎቻችን ላይ ተቀምጠን አሠልጣኙን ስናወግዝ አረፈድን። ያን ጊዜ ሁላችንም «እሱ» ነበር የምንላቸው። «እሳቸው» የምትል አንተ ብቻ ነበርክ፤ ሹፌሩም «አንተ ሰውዬ፣ ቡድን በአንቱታ አይመራም» እያለ ያበሽቅህ ነበር። በመጨረሻ አቤቱታ ይጻፍ ተባለ። ታፔላ ጻፊ እኔ ነኝና እጄ ያምራል፣ ቃላትም አላጣም፣ ጻፍኩት። ሹፌሩ ፈረመ፤ ወጌሻ የምንላት ፋርማሲስቷ ፈረመች፤ ዳቦ ጋጋሪውን ጨምሮ የሰፈሩ ሰባት ሰዎች ፈረሙ፤ እኔም ፈረምኩ።

«ስንት ሆንን?» አለ ሹፌሩ።

«ዐሥር።»

«ዐሥር ፊርማማ ቀይ ካርድ ያየ ቡድን ይመስላል። ገና ሳይነበብ ተሸንፈናል ማለት ነው።»

«ጋሼ ቋሚን ለምን አትጠይቁትም?» አለች ወጌሻ።

«ቋሚ አይፈርምም» አልኩ።

ልብ በል፤ ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ኋላ ለሰው ሁሉ «የሚስማማ መስሎኝ ነው» ብዬ አውርቻለሁ፤ ውሸት ነው። እንደማትስማማ አውቅ ነበር። ሰዎቹ ለምሳ ሲበተኑ ወረቀቱን ብቻዬን ደግሜ አየሁት። የዐሥር ሰው አሰላለፍ እውነትም ያስጠላል፤ በግራ በኩል ክፍት ቦታ አለው። ለሰፈሩ የውሃ ማመልከቻ፣ ለጓደኛ የሠርግ ካርድ፣ ለስታዲየም ትኬት፣ ስንት ዓመት ሙሉ ስላንተ ስፈርም የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊርማህን ካንተ አሳምሬ እጽፋለሁ። ጻፍኩት። ዐሥራ አንደኛ ሆነህ ገባህ፤ ስታየው የክንፍ ተጫዋች ትመስል ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት ክለቡ በር ላይ ካለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ራስህን አገኘኸው። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሱቅ መጣህ፤ እኔ መሰላል ላይ ነበርኩ።

«ይህ የማን እጅ ነው?» አልከኝ።

«የሁላችንም ነው።»

«እጅ የሁላችንም አይሆንም። አንድ እጅ የአንድ ሰው ነው።»

መሰላል ላይ ያለ ሰው በጎ ሐሳብ ቶሎ አይመጣለትም። «ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላ ሰው ስሕተት አርሜአለሁ» አልክ። «በስሜ የተሠራውን ግን በምን ቀለም ላርመው?» ከዚያ ወደ ጓሮ ገብተህ ከቢጫው ቆርቆሮህ ላይ ትራስህን አነሣህ፣ ብብትህ ሥር አደረግክና ወጣህ። ትራስ ታቅፎ በኩራት መራመድ የሚችል ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያም በኋላ አላየሁም።

አሁን ያልነገርኩህን ልንገርህ። ስምህን የጻፍኩት ለቁጥር ብቻ አልነበረም። ከእኛ መካከል ሳትጮኽ የምትከራከር አንተ ብቻ ነህ፤ ሳይጮኽ የሚከራከር ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። ስትቃወመን ራሴን እጠራጠር ነበር። ብቻዬን ከምሳሳት ካንተ ጋር ብሳሳት ይሻለኛል ብዬ ነው። ያለ ፈቃድህ ይዤህ ለመሳሳት መሞከሬ ነበር፤ እሱም አልሆነልኝም።

አቤቱታው ሰሌዳው ላይ በተለጠፈ በሦስተኛው ቀን አሠልጣኙ ተሰናበቱ። እኛ ያን ቀን አጨበጨብን።

ክለባችን ከዚያ ወዲያ እንዴት እንደ ሆነ አትጠይቀኝም፤ ሬዲዮ አለህ። ሬዲዮ ግን ውጤቱን ይነግርሃል እንጂ ማን ምን እንዳለ አይነግርህም። ስለዚህ ስማ።

አዲሱ አሰልጣኝ በመጡበት ሳምንት ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። «ገና ነው፣ የልጆቹን ስም እያጠና ነው» አለ ሹፌሩ። በሚቀጥለው ሦስት ለዜሮ። «አሁን ስማቸውን አውቋል፤ ችግሩ እሱ ነው» አለ። በሦስተኛው አንድ ለዜሮ ስንሸነፍ ሹፌሩ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው አጣ። ወጌሻ ደንግጣ የደም ግፊቱን ለካችው። ከዚያ ሁለት ጊዜ አቻ ወጣን፤ ሁለቱም ዜሮ ለዜሮ፤ ሁለቱም በግብ ጠባቂው ፊት የተገኙ። ፊቱ ላይ ኳስ ሁለት ጊዜ መታው ማለቴ ነው፤ በሌላ መንገድማ ያዳነው የለም።

በሱቄ ግድግዳ ላይ ያለው የጉዳት ሰሌዳችን ያኔ ሞልቶ ነበር። አጥቂው ታፋውን፣ አምበሉ ጉልበቱን፣ ሁለቱ ተከላካዮች ቁርጭምጭሚታቸውን፣ የግራ ክንፉ ወገቡን፣ ተቀያሪው አማካይ ደግሞ ምኑን እንደ ሆነ ራሱም አያውቅም። ስድስት ሰው። አንተ ከመጀመሪያው «ስድስት በሽተኛ ይዞ ሊያሸንፍ የሚችል ሐኪም ብቻ ነው» ብለህ ነበር። እኛ ደግሞ «ልጆቹን የሰበራቸው የእሱ ልምምድ ነው» ብለን ነበር፤ እንዲያውም የአቤቱታው ሁለተኛ አንቀጽ ነው፤ ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ወጌሻ በሰሌዳው ሰባተኛ መስመር ላይ አንተን ጨምራሃለች። «ቋሚ፤ የጉዳቱ ዓይነት፦ ልብ። የሚመለስበት ቀን፦ ጋሼ ብሩሽን ጠይቁ» ይላል፤ እኔን ማለቷ ነው። በየቀኑ ሱቁን የምከፍተው ያንን እያነበብኩ ነው።

ከዚያ ስድስቱ አንድ በአንድ ተመለሱና ሦስት ጨዋታ በተከታታይ አሸነፍን። አምበሉ በተመለሰበት ቀን ከመሀል ሜዳ የመታት ኳስ ስትገባ ሹፌሩ የተቀመጠበት ቆርቆሮ ተገለበጠ፤ ግማሽ ጋሎን ሰማያዊ ቀለም ነበረው። ሱሪው አሁንም የክለባችንን ቀለም እንደ ለበሰ ነው።

«ይኸው፣ አዲሱ ሰውዬ ሠራው» አለ ከወገቡ በታች ሰማያዊ ሆኖ።

«ያሻሻለው ነገር የለም፤ የዳኑት ናቸው የተጫወቱት» አለች ወጌሻ። «ለነገሩ ድሉ የእኔ ነው። ለአጥቂው ታፋ ቅባቱን የሸጥኩለት ማን ሆነና?»

ድሉ የቀድሞው አሠልጣኝ ነው የሚል አልነበረም። ሁላችንም ግን አንድ ጊዜ ወደ ቢጫው ቆርቆሮ አየን። ባዶ ነበር፤ ይህን የሚለው ሰው በዳቦ ቤቱ በኩል እየዞረ ነው።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣ፤ ደብዳቤውን ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የአንድ የጫማ ሱቅ ታፔላ ዘርግቼ የ«ጫ»ን እግር ስስብ አንድ ሰው ብርሃኔን ከለለኝ። ቀና ስል የቀድሞው አሠልጣኝ ናቸው። ዘጠኝ ሳምንት «እሱ» የነበሩት ሰው በሬን ሲያልፉ «እሳቸው» ሆኑ። ሰው በሌለበት ሲጠራና ፊት ለፊት ሲመጣ እንዲህ የሚለያይ መሆኑን ያንተ ሰዋስው ነግሮኝ ነበር፤ የተማርኩት ግን ትናንት ነው።

«ታፔላ ፈልጌ ነበር» አሉ።

«ይታዘዛል። ምን ተብሎ ይጻፍ?»

«የሕፃናት የእግር ኳስ ማሠልጠኛ። ከሥሩ ዋና አሠልጣኝ ብለህ ስሜን።» ትንሽ ቆዩና፣ «አሠልጣኝ በንጉሡ ሠ ነው፤ አደራ» አሉ።

ከትከሻህ በላይ ሆኖ ይህን ደብዳቤ የሚያነብ ሰው ካለ አስረዳው። ድምፃቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰ አሉን፤ ንጉሥ የሚጻፍበት ንጉሡ ሠ፣ እሳት የሚጻፍበት እሳቱ ሰ። ለአብዛኞቻችን ያው ናቸው፤ ባገኘነው እንጽፋለን። ላንተ ግን ያው ሆነው አያውቁም። የዛሬ ስምንት ዓመት የክለቡ በር ላይ «ዋና አሰልጣኝ» ብዬ በእሳቱ ቀብቼ ስሄድ፣ አንተ በማግስቱ ለእኚህ ለማታውቃቸው ሰው ደብዳቤ ላክህ። «ክቡር ሆይ፣ በበርዎ ላይ በእሳት ተጽፈዋል፤ የሚገባዎ ግን ንጉሡ ነው» ብለህ። ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅና ይጥለው ነበር። እሳቸው ማተሚያ ቤት ድረስ መጥተው አመሰገኑህ፤ ሰሌዳውንም መልሰው አስቀቡኝ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችሁ ሰኞ ሰኞ ሻይ ትጠጡ ነበር፣ ስለ ጨዋታ ሳይሆን ስለ ፊደል እያወራችሁ። እኔም ትንሽ ቀንቼባችሁ እንደ ነበር ከዚህ ጋር ይመዝገብልኝ።

አሠልጣኙ ከኮታቸው ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥተው የ«ጫ»ዬ አጠገብ ዘረጉት። አወቅኩት። ከዚያ የሚያምር የእጅ ጽሑፍ በሕይወቴ ጽፌ አላውቅም።

«ታውቀዋለህ?»

«አውቀዋለሁ።»

«ዐሥራ አንድ ናችሁ። አሰላለፉ ጥሩ ነው» አሉ። ሲቀልዱ ፊታቸው አይንቀሳቀስም፤ ካንተ ተምረውት ይሆናል። «ዐሥሩን አምኛለሁ። አንዱ ግን ከጨዋታ ውጭ ነው።»

«የቱ?» አልኩ፣ እያወቅኩ።

«የመጀመሪያውን መስመር አንብብልኝ።»

«የክለባችን ዋና አሰልጣኝ በአስቸኳይ እንዲሰናበቱ...»

«በየትኛው ሰ ነው?»

አጎነበስኩ። «በእሳቱ» አልኩ።

«ያ ሰውዬ በእሳቱ ሰ ከተጻፈ ወረቀት ሥር ስሙን የሚያኖር ይመስልሃል?» አሉ። «እኔን ሊያባርረኝ ቢፈልግ እንኳ መጀመሪያ ፊደሉን አርሞ ነው የሚያባርረኝ።»

ገባህ፣ ቋሚ? ወረቀቱ በእጃቸው በገባበት ቀን፣ ገና በመጀመሪያው መስመር አውቀዋል። አንዲት ደቂቃ እንኳ አልጠረጠሩህም። አንተ ግን ዘጠኝ ሳምንት ሙሉ «ከዳኝ ብለው አስበዋል» እያልክ ስትሸሻቸው ከርመሃል።

«ታዲያ ለምን አልነገሩትም?» ብዬ ጠየቅኩ። ጠያቂው እኔ መሆኔ ያስቃል።

«ሁለት ጊዜ እስከ ሰፈሬ ጥግ መጥቶ ተመለሰ፤ በመስኮት አየሁት» አሉ። «ልጠራው ነበር። ግን የጠፋው ነገር እኔ ዘንድ አልነበረም። ባጠፋው ሰው አፍ ካልተነገረው አይቀመጥለትም ብዬ ተውኩት። ዛሬ ይነግረዋል፣ ነገ ይነግረዋል ብዬ ጠበቅኩህ። ዘጠኝ ሳምንት ጠበቅኩህ። ወንድሜ፣ እንደ አንተ ያለ ቀርፋፋ ተከላካይ በሙያ ዘመኔ አላጋጠመኝም።»

ብሩሼን ውሃ ውስጥ ከተትኩት፤ የዘይት ቀለም ብሩሽ ነበር፤ ተበላሸ።

ይህም አላበቃም። ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉና፣ «የልምምድ ሜዳውን ጥግ ቆፈሩት አይደል?» አሉኝ። ቆፍረውታል፤ ይህን ሬዲዮ አልነገረህ ይሆናል። አዲሱ ሰው ባሉት መሠረት ባለፈው ወር የመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ያለው ጥግ ሲቆፈር ከሥሩ የተሰበረ የውሃ ቧንቧ ተገኘ። ሣሩ ከላይ አረንጓዴ፣ ከታች ረግረግ። ስድስቱም ልጆች የተጎዱት እዚያችው ጥግ ላይ ነበር። ቧንቧው ሲጠገን ልጆቹ ዳኑ።

«ሦስት ደብዳቤ ጽፌ ነበር» አሉ አሠልጣኙ። «መሬቱ ይታይልኝ፣ ልጆቹ እዚያ ጥግ ላይ እያለቁ ነው ብዬ። ክለቡ ሦስቱንም ፋይል ውስጥ አስቀመጣቸው። ያረማቸው ቋሚ ነበር። አልነገራችሁም?»

«አልነገረንም።»

«አይነግርም» አሉ። «አራሚ ያነበበውን አያወራም።»

ያኔ ምን ትለን እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ሹፌሩ ሲጮኽ፣ ወጌሻ ስታላግጥ፣ እኔ ቃላት ሳሳምር፣ አንተ ትራስህ ላይ ተቀምጠህ «አትቸኩሉ፤ የማታውቁት ነገር አለ» ነበር የምትለው። ያንኑ ብቻ። ሹፌሩም «አንተስ ምን ታውቃለህ?» ይልህ ነበር። ምን እንደምታውቅ ብትነግረን እኮ ክርክሩን በአንድ ምሽት ታሸንፈው ነበር። ያሳየንህ ክብር ለክብርህ የሚመጥን አልነበረም፤ ይህን ዐረፍተ ነገር ብታርመውም አልቀየምም፤ ሐሳቡ ግን ይቆይልኝ።

አሠልጣኙ በሩ ላይ ቆመው የመጨረሻውን አሉ። «ታፔላውን ከመቀባትህ በፊት እሱ ይየው። እሱ ያላየውን አልወስድም። ቅዳሜ አራት ሰዓት እመጣለሁ።»

ዛሬ ረቡዕ ነው። ጠዋት ሱቁን ሳልከፍት ክለቡ በር ሄድኩና በዚያው ሰሌዳ፣ አቤቱታው ተለጥፎበት በነበረው ቦታ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፍኩ። ቃሉ ይኸውልህ፦

«እርማት። የክለባችን ዋና አሠልጣኝ እንዲሰናበቱ በቀረበው አቤቱታ ላይ የተጻፈው ዐሥራ አንደኛው ስም ባለቤቱ ሳያውቅ፣ ሳይፈቅድና እንደማይፈቅድ እየታወቀ የተጻፈ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው አንቀጽም ስሕተት ነው፤ ልጆቹን የሰበረው ቧንቧ ነው።»

ከሥሩ ሙሉ ስሜን ከነአያቴ አሰፈርኩ። አንድ ቅጂ ደግሞ ከአቤቱታው ቅጂ ጎን ሱቅ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩ። ሹፌሩ የጠዋት ፈረቃውን ጨርሶ ሲመጣ እያንዳንዱን ቃል እንደ ቅጣት ወረቀት አነበበው።

«እና አሁን ዐሥር ሆንን» አለ።

«ዐሥር።»

«ቆይ፣ ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ቀይ ካርዱም ያንተ ነው። ዘጠኝ።»

ልክ ነበር። እስክሪብቶ አንስቼ ስሜን ሰረዝኩ።

«የእኔንም ሰርዙልኝ» አለች ወጌሻ፤ የፋርማሲውን ነጭ ጋውን እንደ ለበሰች ነበር የመጣችው። «ቧንቧው ከተገኘ ወዲህ ታፋ ያመመው ሰው ሲመጣ ቅባት ስሸጥለት ያሳፍረኛል።» ስምንት። በምሳ ሰዓት ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ በዱቄት ጣቱ ስሙ ላይ አሻሸበት። ሰባት።

«ተረጋጉ» አለ ሹፌሩ። «በሕጉ መሠረት ሰባት ሰው እስካለ ድረስ ጨዋታው ይቀጥላል።» ከዚያ ክፍሏን ሁለት ጊዜ ዞራት፤ ክፍሏ እንደምታውቃት ለመዞር አትበቃም። ቢጫው ቆርቆሮ ጋ ሲደርስ ቆመ። «አንተስ ምን ታውቃለህ፣ አልኩት እኮ» አለ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ እስክሪብቶውን ከእጄ ቀማኝና የራሱን ስም በሁለት መስመር ሰረዘው። «ስድስት። ተቋረጠ» አለ። ተቀምጦም ለተጨማሪ ሰዓት ያህል ዝም አለ። በዚህ ዓመት ሁለት ጊዜ ዝም ማለቱ ነው፤ ወጌሻ መሣሪያዋን ልታመጣ ተነሥታ ነበር።

እሑድ የመጨረሻው ጨዋታ ነው። አቻ ከወጣን እንተርፋለን፤ እንደምንተርፍም እርግጠኛ ነኝ። የአምበሉ ጉልበት ድኗል፤ አጥቂው ይሮጣል፤ ግብ ጠባቂውም ፊቱን ከኳሱ ጋር አላምዷል። ይህን የምልህ እንደ ደጋፊ ብቻ አይደለም። ስድስት ሰው ወድቆ ተነሥቷል፤ የሚጎድለው ሰባተኛው መስመር ነው። ወጌሻ ከሰሌዳው ልታጠፋህ ጨርቁን ይዛ ትጠብቃለች፤ እኔ ቅዳሜ እስኪሆን ታገሺ ብያታለሁ።

ከዚህ ወዲያ ለሠርግ ካርድ እንኳ ቢሆን ስላንተ አልፈርምም። ይቅርታም አልጠይቅህም፤ ይቅርታ በአፍ የሚባል ነገር ነውና ቅዳሜ ፊት ለፊት እንዲሆን አስቀምጬዋለሁ። መሰላል ላይ አልሆንም፤ ወለሉ ላይ ቆሜ ነው የምለው። የታፔላው ጽሑፍ ከዚህ ጋር በሌላ ወረቀት ተያይዟል፤ ትልቁን መስመር በቀይ፣ የስማቸውን መስመር በጥቁር አስቤዋለሁ፤ ንጉሡ ሠ ላይ ትንሽ ወርቃማ ጨምሬለታለሁ። በዛ የምትል ከሆነ ሰርዘው።

አንድ ነገር ቀረኝ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ የአቤቱታውንና የድሮውን በር ቃል ከጠቀስኩበት በቀር አሠልጣኝ የሚለውን ሁሉ በንጉሡ ሠ ጽፌዋለሁ። አንዷን ግን ሆን ብዬ በእሳቱ ትቻታለሁ። የት እንዳለች አልነግርህም፤ ይኸኔ ወደ ኋላ ተመልሰህ እየፈለግሃት ነው። ሌላ ስሕተት ካገኘህ ግን እሱ ከልቤ ነው። አንተ ደግሞ እንዲህ ያለ ወረቀት ሳታርም እንደማታሳድር፣ ያረምከውንም ለጻፈው ሰው በእጅህ ሳትመልስ እንደማትቀር ሠላሳ አንድ ዓመት አይቼሃለሁ።

ቅዳሜ፣ አራት ሰዓት። ትራሱን አትርሳ።

ብሩሽ
ስለ ራሱ ብቻ የፈረመ